ሁልጊዜ መቶ ከመቶ የምታመጣ ልጅ አለችኝ፤ ምን ላድርግላት?

የገርጂዋ እናት
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አነባችኋለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ግራ ገብቶኝ ነው።

ሴት ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ ሰባተኛ ክፍል። በሒሳብ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ከመቶ ወርዳ አታውቅም። መጀመሪያ ደስ ይለን ነበር። ዘንድሮ ግን ካርዷን እንኳ አታሳየኝም፣ ጠረጴዛ ላይ ወርውራው ትሄዳለች። "ዛሬ ምን ተማራችሁ?" ስላት "ያው የማውቀውን ነገሩኝ" ትላለች። ባለፈው ሳምንት የክፍል ኃላፊዋ አስጠርቶኝ፣ ቶሎ ትጨርስና አጠገቧ ያሉትን ታስወራለች አለኝ። ወደ ስምንተኛ ክፍል ትዝለል የሚል ሐሳብም አለው። ጎረቤቴ በበኩሏ አሁኑኑ አስጠኚ ቅጠሪና የሚኒስትሪ ወርክሺት ታስጨርሳት ትላለች።

ታክሲ ውስጥ የመኪና ታርጋ እየደመረች "እማ፣ ይሄኛው ለ9 ይካፈላል" ትለኛለች፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። ጤና ነው አይደል?

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ። ለዚህ ብለን የምናወጣው ብዙ ገንዘብ የለንም። ኦሊምፒያድ የሚባል ውድድር አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ምንድን ነው? ለእሷ ዓይነት ልጅ ይጠቅማል?

ደሞ ምን ተገኘ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡25

ልጅ ናት፣ ተያት ትጫወት። እኛ ሰፈር "ፕሮፌሰር" የምንለው ልጅ ነበር፤ ስሙ ከብዶት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርት ጠላ። አሁን ጥሩ ጋራዥ አለው፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ኖራ ሰሌዳ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡05

እህቴ፣ 31 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ ታርጋው አትጨነቂ፤ እኔም እስከ ዛሬ እደምራለሁ፣ ባለቤቴ ለምዳዋለች።

መቶ ከመቶ የሚነግርሽ ስለ ፈተናው ነው። ልጅቷ የት ድረስ መሄድ እንደምትችል ሳያሳይሽ ጥያቄው አለቀ ማለት ነው። የስምንተኛውን መጽሐፍ ብትሰጫት ያንኑ ዓይነት ሥራ በሌላ ሽፋን ትሠራለች፤ በሁለት ወር ትጨርሰውና ተመልሳ አጠገቧ ያለውን ታስወራለች። ወርክሺቱ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። የምታውቀውን ሁለት መቶ ጊዜ አሠርቶ ሒሳብ ማለት ድካም ነው ብላ እንድታምን ያደርጋታል። እንዲህ የሆኑ ልጆች አይቻለሁ፣ ስማቸውን አልረሳሁም።

አንድ ጥያቄ ልስጥሽ፣ ለእሷ አድርሺልኝ። ወረቀት ላይ ከ1 እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች ትጻፍ። ከዚያ ደስ ያሏትን ሁለት ቁጥሮች ትሰርዝና በምትካቸው ልዩነታቸውን ትጻፍ፤ ምንጊዜም ከትልቁ ላይ ትንሹን ቀንሳ። 9ን እና 4ን ብትሰርዝ 5 ትጽፋለች ማለት ነው። አንድ ቁጥር ብቻ እስኪቀር እንዲሁ ትቀጥል። የመጨረሻው ቁጥር 0 ሊሆን ይችላል ወይ? ይቻላል ካለች ሠርታ ታሳይ። አይቻልም ካለች ለምን እንደማይቻል ትንገረን።

ሁለት አደራ። መልሱን ከየትም ፈልገሽ አትንገሪያት። ስትናደድም "ተይው በቃ" አትበያት። መናደዷ ደግ ነው፤ ምናልባት በሒሳብ ስትናደድ የመጀመሪያዋ ይሆናል።

ሹፌሩ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡20

ተሳፋሪ እየጠበቅሁ ሞከርኩት። 10 ሲቀነስ 9፣ 8 ሲቀነስ 7፣ 6 ሲቀነስ 5፣ 4 ሲቀነስ 3፣ 2 ሲቀነስ 1። አምስት 1 አገኘሁ። አንዱን ባንዱ ሳጣፋ ሁለት 0 እና አንድ 1 ተረፈኝ፤ መጨረሻ 1። ለጥቂት ነው የሳትኩት! ቆይ በሌላ መንገድ እመጣለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡00

እኔ ጋ ያለውን ልንገርሽ፤ ከእኔ ስህተት ትማሪ ይሆናል።

እዚህ አሜሪካ ለልጅሽ ዕድሜ ሁለት የታወቁ የሒሳብ ውድድሮች አሉ። ኤኤምሲ 8 የሚባለው ለስምንተኛ ክፍልና ከዚያ በታች ነው፤ 25 ጥያቄ በ40 ደቂቃ። ማዝካውንትስ ደግሞ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ላሉት ነው፣ ከትምህርት ቤት ጀምሮ እስከ ስቴትና አገር አቀፍ ድረስ ይወጣል። ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ኤኤምሲ 10 እና 12 አሉ፤ እዚያ ጥሩ ያመጣ ኤይሚ የሚባለውን ይፈተናል፣ 15 ጥያቄ በ3 ሰዓት። ምርጫ የለውም፣ መልሱ ከ0 እስከ 999 ያለ ሙሉ ቁጥር ነው፣ በግምት አይገባም። ከዚያ በላይ አገር አቀፉ ኦሊምፒያድ ነው።

እኛ አበሾች ዘንድ ደግሞ ሌላ ውድድር አለ። ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጻዲቁ ላይ "የእገሌ ልጅ ብሌር ገባ" ይባላል። ሞንትጎመሪ ብሌር እዚሁ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ልጆች ተወዳድረው የሚገቡበት የሒሳብና ሳይንስ ልዩ ፕሮግራም አለው። ፕሮግራሙ ምንም አይወጣለትም፤ ጥፋቱ የእኛ የወላጆቹ ወሬ ነው። እኔም ወሬው ገብቶኝ ልጄን አምስተኛ ክፍል ላይ አንድ የማስጠኛ ድርጅት አስገባሁት፣ ቅዳሜና እሑድ። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን በሰዓት እየለኩ ያሠሩታል። ነጥቡ ወጣ። ልጁ ግን አንድ ቀን መኪና ውስጥ "አባባ፣ እኔ ጥያቄውን አላስብም፣ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ነው የማስታውሰው" አለኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ተወው። አሁን ሯጭ ነው፣ ደስተኛ ነው። እኔ ግን ያ ንግግሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ገንዘብ ስለማውጣት አታስቢ። የብዙዎቹ ውድድሮች የድሮ ጥያቄዎች ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ። አርት ኦፍ ፕሮብለም ሶልቪንግ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ አልኩመስ የሚባል መለማመጃ አለ፣ እሱም በነፃ ነው። እንግሊዝኛዋ ከፈቀደላት ትመዝገብ። ሰዓት አትያዥባት።

ሹፌሩ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 5፡15

3 ቀረ። ከዚያ 5 ቀረ። መምህር፣ እየቀለዱብን ነው?

አራት ኪሎ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ኦሊምፒያዱ ምንድን ነው ላልሽው እኔ ልመልስ። ኢንተርኔት ላይ እየተከታተልኩ ያደግሁ ነኝ። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ በ1959 ሩማንያ ውስጥ በ7 አገሮች ተጀመረ፤ ዛሬ ከ100 በላይ አገሮች ይሳተፋሉ። አንድ አገር እስከ 6 ተማሪ ይልካል። ዕድሜያቸው ከ20 በታች የሆነና ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ መሆን አለባቸው። ፈተናው ሁለት ቀን ነው፤ በቀን 3 ጥያቄ፣ ለ3ቱ 4 ሰዓት ተኩል። እያንዳንዱ 7 ነጥብ፣ ጠቅላላው 42። ካልኩሌተር የለም። የሚታረመውም የመጨረሻው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የጻፍከው አስተሳሰብ ነው። ተማሪው ጥያቄውን በመረጠው ቋንቋ ያገኛል፣ መልሱንም በቋንቋው ይጽፋል። ከተወዳዳሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ሜዳልያ ያገኛሉ፤ ሜዳልያ ያላገኘ ግን አንዱን ጥያቄ ሙሉ በሙሉ የሠራ የክብር ምስጋና ይሰጠዋል። ይህ ደንብ ደስ ይለኛል። አንድ ጥያቄ እስከ ጥግ መሥራት ራሱ ዋጋ አለው እያሉህ ነው።

እስቲ ከማትሪክ ጋር አወዳድሩት። ማትሪክ ላይ አንድ ጥያቄ ከሦስት ደቂቃ በላይ ከያዘህ አለቀልህ፣ ዝለለው ነው የሚባለው። እኛ ጎበዝ የምንለው ቶሎ የሚዘለውን ነው። እኔ 11ኛ ክፍል ላይ መጀመሪያ የኦሊምፒያድ ጥያቄ ሳይ አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ። ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ። ሁለት ሰዓት ተቀምጬ ምንም ሳልጽፍ መነሳት ነውር መሰለኝና አስተማሪዬን "ትምህርቱን አልሸፈንነውም" አልኩት። የሚያስፈልገው ግን የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ልጅሽ አሁን 12 ዓመቷ ላይ መናደድ ብትጀምር ከእኔ 5 ዓመት ትቀድማለች።

ደሞ ምን ተገኘ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡30

እሺ፣ ሜዳልያውን አገኘች እንበል። ከዚያስ? ጎበዝ ጎበዙን እየለቀምን ለውጭ ዩኒቨርሲቲ ማስረከብ ነው። የቀሩት 60 የክፍል ልጆችስ? እነሱ ያልታደሉ ናቸው?

አራት ኪሎ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 5፡10

የመጀመሪያውን ልክ ብለሃል፣ መልስ የለኝም። እኔም ቪዛ ከሚጠብቁት አንዱ ነኝ።

ሜዳልያው ራሱ ግን ሰዎች እንደሚያስቡት ዕጣ ፈንታ አይደለም። የ1988ቱ ዓለም አቀፍ ኦሊምፒያድ አውስትራሊያ ውስጥ ሲደረግ ስድስተኛው ጥያቄ በጣም ከባድ ነበር፤ ሙሉ ነጥብ ያገኙት 11 ልጆች ብቻ ናቸው። ቴረንስ ታኦ በዚያ ዓመት በ13 ዓመቱ ወርቅ አገኘ፣ በዚያ ጥያቄ ግን ከ7 ያገኘው 1 ነው። ዛሬ በዓለም ከታወቁት የሒሳብ ሊቃውንት አንዱ ነው። በሌላ በኩል ጁን ሃ የሚባለው ትውልደ ኮሪያ አሜሪካዊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አቋርጦ ገጣሚ ልሁን ብሎ ነበር፣ የውድድር ልጅም አልነበረም፤ በ2022 ከሒሳብ ትልልቅ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የፊልድስ ሜዳልያ ተሸለመ። ውድድር አንዱ በር ነው። የማይከፈትለት ልጅ በመስኮት ሊገባ ይችላል።

የገርጂዋ እናት ግን ማርያም ሚርዛኻኒን ትወቃት። ኢራናዊት የሒሳብ ሊቅ ነበረች። የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የመጀመሪያ ዓመቷ ላይ በሒሳብ ደክማ ነበር፤ አስተማሪዋም ተሰጥኦ የላትም የሚል አመለካከት ነበራት፣ ልጅቷም ፍላጎቷ ጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አስተማሪ አገኘችና ተመለሰች። ኋላ እሷና ጓደኛዋ የአገር አቀፉን የኢንፎርማቲክስ ኦሊምፒያድ ጥያቄዎች ከአንድ ቦታ አገኙ። 6 ጥያቄ ነበር፤ ለቀናት ታግለው 3ቱን ሠሩ። ከዚያ ወደ ርዕሰ መምህርቷ ሄደው "ወንዶቹ ትምህርት ቤት የሚሰጠው የጥያቄ መፍታት ክፍል ለእኛም ይሰጠን" አሉ። ርዕሰ መምህርቷ እሺ አለች። በዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ወርቅ ካገኙ የኢራን ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች፤ በ1994 ሆንግ ኮንግ ላይ ከ42ቱ 41፣ በ1995 ቶሮንቶ ላይ 42 ከ42። በ2014 የፊልድስ ሜዳልያን የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምወደው ርዕሰ መምህርቷን ነው።

የወልዲያዋ
እሑድ፣ ከቀኑ 8፡00

የእናንተ ወሬ ደስ ይላል፤ ግን ሁሉም አዲስ አበባ ወይ አሜሪካ ነው። የእኔ ወንድም ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ እንደዚሁ ነው። ኔትወርኩ አንድ ቀን አለ ሦስት ቀን የለም። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ለሦስት ነው የሚጋሩት። ለእሱስ ምን አለ?

አራት ኪሎ
እሑድ፣ ከቀኑ 8፡45

ከአዲስ አበባ ውጭም የተወሰኑ አሉ። ቢሾፍቱ ፎቃ የሚባለው የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ) ማዕከል አለ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የራሱ የስቴም ማዕከል አለው፤ ከትምህርት ቤቶች ልጆች እየመረጡ በላቦራቶሪና በኮምፒውተር ያሠራሉ። አዳሪ ትምህርት ቤት ከሆነ ደብረ ብርሃን ኃይሌ-ማናስ አካዳሚ አለ። አዲስ አበባ ላለ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅርብ ነው፣ መግቢያ አይጠየቅም። ለወልዲያ ልጅ ግን ይህ ሁሉ ሩቅ መሆኑ ይገባኛል።

ኖራ ሰሌዳ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡30

ለወልዲያዋ እህቴ እኔ ልመልስ፤ የሠራሁበት ቦታ ከወልዲያ ያንሳል።

ሃንጋሪ የምትባል ትንሽ አገር አለች። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1894 እዚያ ሁለት ነገር ተጀመረ። አንደኛው ለሁለተኛ ደረጃ ተመራቂዎች የሒሳብ ውድድር ነው። ሁለተኛው፣ ለእኔ ትልቁ፣ ዳንኤል አራኒ የሚባል በግዮር ከተማ የሚያስተምር ሰው የጀመረው የተማሪዎች የሒሳብ መጽሔት ነው። ዋና ከተማው ላይ አይደለም፤ አውራጃ ከተማ ላይ ነው። መጽሔቱ በየወሩ ጥያቄ ያትማል፣ በየገጠሩ ያለ ልጅ መልሱን በፖስታ ይልካል፣ ጥሩው መልስ ከልጁ ስም ጋር ታትሞ ይወጣል። በጊዜ ብዛት የሠሩትን ልጆች ፎቶግራፍ ሳይቀር ያወጡ ጀመር። እስቲ አስቡት፣ አባቱ ገበሬ የሆነ ልጅ ስሙን በማተሚያ ቤት ፊደል ሲያየው! ከዚያች አገር ስንት የሒሳብ ሰው እንደወጣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኢንተርኔት አልነበረም። ፖስታ፣ አንድ ወር ሙሉ የማሰቢያ ጊዜ፣ እና መልስህን በቁም ነገር የሚያነብልህ አንድ ሰው ነበር።

እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ክበብ ጀመርኩ። ጥያቄ በየሰኞው የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በእጄ ጽፌ እለጥፋለሁ፣ አንድ ብቻ። ሐሙስ እንሰበሰባለን። ደንቡ አንድ ነበር፤ መልሱን ያገኘ ልጅ መልሱን አይናገርም፣ ላላገኘው ጓደኛው ጥያቄ ነው የሚጠይቀው። "ትንሽ ቁጥር ላይ ሞክረሃል?" "ሁልጊዜ የማይለወጥ ነገር አለ?" እንዲህ እንዲህ። መጀመሪያ 6 ልጆች መጡ። ከ6ቱ አንዱ ከክፍሉ 38ኛ የሚወጣ ልጅ ነበር፤ የላም ጠባቂ ልጅ፣ ለመጻፍ የሚሰንፍ። ደሞ ምን ተገኘ፣ ስለ ቀሩት 60 ልጆች ጠይቀህ ነበር። ይህ ልጅ ከእነሱ አንዱ ነበር። እኔ መርጬ ቢሆን ኖሮ አልመርጠውም ነበር፤ ጥያቄው ግድግዳ ላይ ስለነበረ ራሱ መጣ። ጎበዝ ተማሪ ብለን መርጠን በር የምንዘጋበትን አሠራር ከዚያ ወዲህ አላምነውም።

ለወንድምሽ የሚያስፈልገው አንድ ጠመኔና ሁለት ጓደኛ ነው። ጥያቄ እኔ በየሳምንቱ እዚህ እጽፋለሁ፤ ኔትወርክ ባለበት ቀን ገልብጪለት። መልሱን በወረቀት ጽፎ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፣ አርሜ እመልሳለሁ። ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ ሞልቶኛል።

የገርጂዋ እናት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

መምህር፣ ጉድ አደረጉኝ!

ቅዳሜ ማታ ነገርኳት። "ይሄማ ቀላል ነው" አለች። እሑድ ቅዳሴ እንኳ ደረቷ ላይ ወረቀት አጣጥፋ ነው የሄደችው፣ ይቅር ይበለን። የጨርቅ መለኪያ ደብተሬን ጀርባ ጨረሰችው። ትናንት እራት ላይ እርሳሱን ወረወረችና አለቀሰች። "ተይው" ልላት ምላሴ ላይ መጥቶ አደራዎ ትዝ አለኝ፣ ዝም አልኩ። አባቷ ተቆጣኝ።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ "እማ፣ 17 ጊዜ ሠራሁት። 1 መጣ፣ 3 መጣ፣ 5 መጣ፣ 7ም 9ም መጣ። ተጋማሽ ቁጥር አንድም ጊዜ አልመጣም። ስለዚህ 0 የለም። ግን ለምን እንደሌለ አላውቅም" አለች። አሁን ምን ልበላት?

ሹፌሩ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

በስመ አብ! እኔም እኮ 1፣ 3፣ 5 ነው ያገኘሁት፣ ልብ አላልኩትም። ልጅቷ በለጠችኝ።

ኖራ ሰሌዳ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

"ግን ለምን እንደሌለ አላውቅም" አለች? ይህን አረፍተ ነገር ጻፊልኝና አስቀምጪው። 17 ጊዜ ሠርቶ አልመጣም ማለትና አይመጣም ማለት እንደሚለያዩ ማንም ሳይነግራት አውቃለች። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ይህን የማይለይ አለ።

ይህን ብቻ በያት፦ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ ደምሪ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ቀንሺና እንደገና ደምሪ። ድምሩ ምን ሆነ?

ጥያቄ አለኝ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡42

ቀላል ነው እኮ። ሁለት ቁጥሮችን አጥፍተህ ልዩነታቸውን ስትጽፍ ድምሩ የሚቀንሰው በትንሹ ቁጥር እጥፍ ነው። እጥፍ ምንጊዜም ተጋማሽ ነው። ከ1 እስከ 10 ድምሩ 55፣ ጎዶሎ። ከጎዶሎ ላይ ተጋማሽ ብትቀንስ ጎዶሎ ነው የሚቀረው። 0 ደግሞ ተጋማሽ ነው። አለቀ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

ወንድሜ፣ ምነው! ልጅቷ እናቷ ስልክ ላይ ብታየውስ?

የገርጂዋ እናት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡55

አይዟችሁ፣ ስልኩን መኝታ ቤት ቆልፌበታለሁ። እኔ ግን አነበብኩት፣ ገባኝም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ሁለቴ አነበብኩትና ገባኝ።

ሹፌሩ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እኔ በ10 እና በ9 ሞከርኩት፤ 19 የነበረው 1 ሆነ፣ 18 ጎደለ፣ የ9 እጥፍ። እውነት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ የማይቻል ነገር ስሞክር ነበርኩ። ነዳጄን ማን ይመልስልኛል?

አራት ኪሎ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

ለእናትየዋ አንድ ነገር ልጨምር። ሴቶች ብቻ የሚወዳደሩበት የአውሮፓ የሴቶች የሒሳብ ኦሊምፒያድም አለ፣ በ2012 ካምብሪጅ ላይ ነው የተጀመረው። የአፍሪካ አገሮች ደግሞ ከ1987 ጀምሮ የራሳቸው የሒሳብ ኦሊምፒያድ አላቸው፤ የመጀመሪያው ሞሮኮ ነበር። የድሮ ጥያቄዎቻቸውም ብዙዎቹ ይገኛሉ። አሁን ግን አያስፈልጋትም፤ መምህር ጋ ትቆይ። ክፍል ማዝለሉንም ለጊዜው እንቢ በይ። የክፍል ኃላፊውን፣ ቶሎ ስትጨርስ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ እንድትሠራ ፍቀድላት በይው፤ ቅር ካላለው ሌላ ልጅም ከእሷ ጋር ይሥራ። የምታወራው ስለ ጥያቄው ከሆነ ወሬውም ትምህርት ነው።

ደሞ ምን ተገኘ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡00

መምህር፣ የላም ጠባቂው ልጅ የት ደረሰ?

ኖራ ሰሌዳ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

መምህር ሆነ። ጠመኔ ይጠላ ነበር፣ አሁን ቀኑን ሙሉ ነው የሚይዘው።

የገርጂዋ እናት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40

ልጅቷ ነኝ፣ እማ ስልኩን ሰጠችኝ። ለምን እንደሆነ ትናንት አገኘሁት፤ ድምሩ ነው። 55 ጎዶሎ ስለሆነ ነው። እማ ቀድማ ታውቅ ነበር፣ ስነግራት ግን እንዳላወቀ ሆነች። ፊቷ ያስታውቃል።

ከዚያ ከ1 እስከ 11 ሞከርኩ። ድምሩ 66 ነው፣ ስለዚህ ይቻል ይሆናል ብዬ። መቻሉን ድምሩ አይነግረኝም፣ ሠርቼ ማሳየት አለብኝ። እንዲህ ሠራሁ፦ 11 ሲቀነስ 10፣ 9 ሲቀነስ 8፣ 7 ሲቀነስ 6፣ 5 ሲቀነስ 4፣ 3 ሲቀነስ 2። አምስት 1 ሆነ፣ ያልነካሁት 1 ሲጨመር ስድስት። ሁለት ሁለቱን አጠፋፋሁ፣ 0 መጣ። 12 ላይም ይቻላል። 13 እና 14 አይቻልም፤ ድምራቸው 91 እና 105 ነው። 15 እና 16 ይቻላል። ሁለት አይቻልም፣ ሁለት ይቻላል እያለ ይሄዳል። እስከ 20 አይቻለሁ።

ኖራ ሰሌዳ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

ልጄ፣ እስከ 20 አይተሻል። 21 ላይ ቢከዳሽስ?

የገርጂዋ እናት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡35

አይከዳኝም። መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ልውሰድ፣ ለምሳሌ 15፣ 14፣ 13፣ 12። ሁለት ሁለቱን ስቀንስ 1 እና 1፣ ከዚያ 0። 0 ምንም አይለውጥም። ስለዚህ 11 ላይ ከተቻለ 15 ላይም ይቻላል፣ ከዚያ 19 ላይ፣ እንዲያ እያለ። መጀመሪያ የሚቻልባቸው 3 እና 4 ናቸው፣ እነሱን በእጄ ሠርቻቸዋለሁ። የማይቻልባቸውም እንደዚያው ነው፤ አራት ተከታታይ ቁጥር ስጨምር ድምሩ ላይ የሚጨመረው ተጋማሽ ስለሆነ ጎዶሎው ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል።

ሹፌሩ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡20

21 ላይ ሞከርኩት፣ 1 ቀረብኝ። ልክ ነኝ?

የገርጂዋ እናት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡25

ልክ ነህ ጋሼ። ሌላ ጎዶሎም ሊመጣ ይችላል። እማ ተኚ እያለችኝ ነው።